በወር 500 ብር ለማን ይሰጥ? ድሬ ላይ የሰጠሁባቸው ቦታዎች ሲመዘኑ

ይህን የምጽፈው ደሞዝ ጠባቂ ለሆነ፣ የቤት ኪራይ ለሚከፍል፣ ልጅ ለሚያስተምር፣ ከዚያም ላይ ቆንጠር አድርጎ ለሰው መስጠት ለሚፈልግ ሰው ነው። ባለሀብት ሁለቱንም ማድረግ ይችላል። ዛሬ የተራበውን ያበላል፣ ለነገ ደግሞ ትምህርት ቤት ይሠራል። እኛ በወር 500 ብር፣ ቢበዛ 1,000 ብር ነው ማውጣት የምንችለው። ስለዚህ መምረጥ ግድ ይለናል። ለዕለት ችግር የሚደርሰው ድርጅት ይቅደም ወይስ ለዓመታት የሚለፋው?

ምግብ ቤት ገብተን ስንወጣ አስተያየት እንሰጣለን። የባንክ ሰልፍ ሲረዝም እናማርራለን። አምነን ብራችንን ለምንሰጠው ድርጅት ሲሆን ግን «ለጽድቅ ነው» ብለን ዝም እንላለን። ይሄ ለድርጅቶቹም አይጠቅማቸውም። ስለዚህ ስሰጥባቸው የቆየሁትን ቦታዎች እንደ ማንኛውም አገልግሎት ልመዝናቸው ነው። የምወቅሰውን በስም አልጠራም።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ብራችሁ ትንሽ ከሆነ አብዛኛውን እጅ ለዓመታት የሚዘልቅ ሥራ ለሚሠራ ለአንድ ድርጅት ስጡ። በየወሩ፣ ሳታቋርጡ። ቀሪውን በዓይናችሁ ለምታዩት የዛሬ ችግር ያዙት። ለአሥር ቦታ መበተን ግን ማንንም አይጠቅምም።

አቦ፣ እዚህ ላይ የሚቆጣኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። «ሰው እየተራበ ስለ ነገ ታወራለህ?» ይለኛል። ልክ ነው፣ ረሃብ ቀጠሮ አያውቅም። ግን የድሬ ልጅ ይህን ጉዳይ ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ የደቻቱን ወንዝ ማየት ይበቃዋል።

ደቻቱ ዓመቱን ከሞላ ጎደል አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ይነገድበታል፣ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል። ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የተጠራቀመው ውሃ በዚያው አሸዋ ወረደና ሰው በተኛበት ከ250 በላይ ነፍስ ይዞ ሄደ። በማግስቱ የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ፣ ዳቦ፣ ንጹሕ ውሃና ድንኳን ነበር። ያኔ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ነውር ነው። አገር ሙሉ አዋጣ፣ ደግ አደረገ።

ብርድ ልብስ ግን የሚቀጥለውን ጎርፍ አይመልስም። ጎርፍ የሚያበርደው ወደ ደንገጎ ስትወጡ በምታዩት ተራራ ላይ የሚሠራ እርከን ነው፣ የሚተከል ዛፍ ነው፣ ከታች ደግሞ ከተማው ውስጥ በወንዙ ዳር የሚቆም ግንብ ነው። ለዚህ ሥራ አዋጡ ቢባል ስንት ሰው ይመጣል? ያልደረሰ ጎርፍ በቴሌቪዥን አይታይም። የዳነ ሰውም መዳኑን አያውቅም። ስለዚህ አደጋ ሲደርስ ገንዘቡ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፣ መንግሥትም ውጭ ያለው ወገንም ትልልቆቹ ድርጅቶችም ይረባረባሉ፣ የእኔ 500 ብር እዚያ ክምር ላይ ስትደርስ ብዙ ነገር አትለውጥም። ማንም ወደማያየው ሥራ ስትሄድ ግን በየወሩ ትጠበቃለች። በእሷ ደብተር ይገዛል፣ የአንድ ሠራተኛ የትራንስፖርት ወጪ ይሸፈናል። ትንሽ ብር ጉልበት የሚኖራት እዚያ ነው።

ድንገተኛ የምንለው ችግርም ሁልጊዜ ድንገተኛ ሆኖ አይቀርም። በ2010 አካባቢ ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው ድሬዳዋ ሚሌኒየም ፓርክ የተጠለሉትን ወገኖች አስታውሱ። መጀመሪያ ሰሞን ልብስም እህልም እየተሸከመ ያልሄደ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወራት አለፉ፣ ዓመት ሆነ፣ ልጆች እዚያው አደጉ። የሚያስፈልጋቸው ከአንድ ኩንታል ዱቄት ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤት ተቀየረ። የሰው ልግስና ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ነበር ያለቀው።

አሁን ወደ ቦታዎቹ ልግባ።

መጀመሪያ የምሳ ማዕከሉ። ጧሪ ቀባሪ ለሌላቸው አረጋውያንና ለጎዳና ልጆች በቀን አንዴ የሚያበላ ቦታ ነው፣ ከመጋላ ብዙ አይርቅም። ትንሽ ግቢ ነች፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት። ቀትር ላይ የድሬ ፀሐይ አናት ሲበሳ ሰልፉ ጥላዋ ሥር ይጠቀለላል። የሚያሳልፉት እናት እያንዳንዱን በስም ነው የሚጠሩት፤ «አያ፣ ዛሬ ዘገዩሳ» ይላሉ። አንድ ጥርስ የሌላቸው አባት አሉ። የእሳቸው እንጀራ አስቀድሞ በሽሮ ተፈትፍቶ፣ ርሶ፣ ተከድኖ በጎን ይቀመጣል። ማንም አይጠይቅም፣ እሳቸውም አይለምኑም። ይህንን ያየሁ ቀን ገንዘቤ የት እንደሚገባ ገባኝ።

ለሰጪ ያላቸው አቀባበልም ጥሩ ነው። ደረሰኝ ወዲያው ይቆርጣሉ። ሂሳቡን ስጠይቅ ከዘይቱና ከከሰሉ ጀምሮ እስከ ውሃው ቦቴ ድረስ በመዝገብ አሳዩኝ፣ ፊታቸውን አላጠቆሩም። ችግሩ ሌላ ነው። ሰው እዚያ የሚሄደው በበዓል ነው። ረመዳን ላይ ማፍጠሪያው ይትረፈረፋል። ለገናና ለፋሲካ በሬ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ድስቱ እየሳሳ ይሄዳል። ኃላፊዋ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ በበዓል ቀን በሬ ከሚያመጣልኝ ሰው በሐምሌ አንድ ጆንያ ሩዝ የሚያመጣልኝ ይበልጥብኛል። በበዓል ሌላም ሰው አለ።»

ይህች ንግግር ብዙ ነገር አስተካክላልኛለች። ለዕለት ምግብ መስጠት ራሱ የዕለት ነገር መሆን የለበትም። እነዚያ አባት ሠልጥነው ሥራ አይይዙም፣ ነገም ከነገ ወዲያም ይበላሉ፣ እስኪያልፉ ድረስ። «ዓሣ ማጥመድ አስተምረው እንጂ ዓሣ አትስጠው» የሚለው አባባል ለሰማንያ ዓመት አዛውንት አይሠራም። ስለዚህ «የአጭር ጊዜ ዕርዳታ ጥገኛ ያደርጋል» እያለ የሚሰብክ ሰው ሲገጥመኝ ቅር ይለኛል። ማንን ነው ጥገኛ የሚያደርገው? ለማዕከሉ ከአምስት ውስጥ አራት ተኩል እሰጣለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ብር በቴሌብር ስልክላቸው ደረሰኙን ለማግኘት የግድ በአካል መሄድ ስላለብኝ ነው። በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ ይቻላል።

ቀጥሎ በስልካችን የሚመጣው የሕክምና ልመና። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ የሚደረግ ነገር ነው፣ አንድ ጊዜ 200 ብር ጣል አድርጎ የሚዘጋ አይደለም። የሰፈር ሰው ከሆነ በዕድሩ በኩል፣ ሐረር ከሆናችሁ በአፎቻው በኩል ስጡ፣ እነሱ ቤቱን ያውቁታል። የማታውቁት ሰው ከሆነ የሆስፒታሉን ወረቀት እዩ፣ ከተቻለም ለሆስፒታሉ ገንዘብ ያዥ ክፈሉ። አጭበርባሪ መኖሩ ግን ከመስጠት ሊያስቀረን አይገባም።

ቀይ መስቀልን ሰው ሁሉ በአደጋ ቀን ብቻ ነው የሚያስበው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማህበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፣ ጣሊያን ሊወረን ወራት ሲቀሩት። እስካሁንም አለ። 907 ስትደውሉ የሚመጣው አምቡላንስ የእነሱ ነው። ይሄ ለእኔ የሚገርም ነገር አለው፤ ዕርዳታው የደቂቃ ነው፣ እናት ምጥ ላይ ሆና የሚደረስላት፣ ግን ያ መኪና ያን ሌሊት እንዲነሳ ነዳጁ፣ ጎማው፣ ሹፌሩ ዓመቱን ሙሉ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። መኪናው በአደጋው ቀን በሚዋጣ ገንዘብ አይነሳም፣ ቀደም ብሎ በተከፈለ የአባልነት መዋጮ ነው የሚነሳው። መዋጮው ኪስ የሚጎዳ አይደለም። አባል ሁኑ። ስለ እነሱ የምለው ይሄው ነው።

አሁን ወደ ረጅሙ ጊዜ። እዚህ ላይ ቅሬታም አለኝ።

ልጅ ማስተማር ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ነበር። በየወሩ እሰጣለሁ፣ እነሱ ደግሞ የአንዲትን ልጅ የትምህርት ወጪ ይሸፍናሉ። የመጀመሪያው ዓመት ግሩም ነበር። የልጅቷ የሴሚስተር ውጤት ይመጣል፣ በራሷ እጅ የጻፈችው ደብዳቤ ይመጣል፣ «ሒሳብ ይከብደኛል ግን አልተውም» የምትል ዓረፍተ ነገር አሁንም አስታውሳለሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ደወልኩ፣ «እንልካለን» አሉኝ። ቢሮ ሄድኩ፣ የማውቃቸው ሠራተኞች የሉም። በመጨረሻ የሰማሁት ነገር «ፕሮጀክቱ ተዘግቷል» የሚል ነው። የልጅቷ ነገርስ? የእኔስ ብር ላለፉት ወራት የት ሲገባ ነበር? መልስ የሚሰጠኝ ሰው አጣሁ።

ብሩ አይደለም ያናደደኝ። አንዲት ልጅ ስምንተኛ ክፍል ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። የጀመሩትን ሳይጨርሱ መተው ካለመጀመር የሚከፋበት ጊዜ አለ። ረጅም ጊዜ የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ይጻፋል እንጂ የብዙ ድርጅት ዕድሜ ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ውል ነው። በ2017 ጥር ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ድንገት ሲያቆም ይህን አገር ሁሉ አየው። ለዓመታት የታቀደ ሥራ በሳምንታት ውስጥ ቆመ፣ ሠራተኛ ተበተነ። በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ድርጅት ምሰሶው ሲነሳ ይወድቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አባቶቻችን ዝም ብለው አልተናገሩም። ከአገር ውስጥ በየወሩ 300 እና 500 ብር የሚልክ ብዙ ሰው ያለው ድርጅት አንድ ትልቅ ለጋሽ ቢሄድበት እንኳ ሥራውን ይቀንሳል እንጂ በሩን አይዘጋም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሥራ ከመስጠታችሁ በፊት የምጠይቀውን ጠይቁ፦ ትልቁ ለጋሻችሁ ነገ ቢያቆም የትኛው ሥራ ይቀራል? በግልጽ የሚመልስ ድርጅት አለ፣ የሚያድበሰብስም አለ። ልዩነቱ ፊታቸው ላይ ይታያል።

በግልጽ ከመለሱልኝ መካከል ገንደ ቆሬ አካባቢ የሴቶች የራስ አገዝ ቡድኖችን የሚደግፈው ድርጅት አለ። አሁን አብዛኛው ብሬ የሚሄደው እዚያ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ቡድኑ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን በአንዷ ግቢ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። መሐል ላይ ሦስት ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን አለ፣ ቁልፎቹ በሦስት የተለያዩ ሴቶች እጅ ናቸው፣ ሦስቱም ካልመጡ አይከፈትም። እያንዳንዷ የሳምንት ቁጠባዋን ታስቀምጣለች፣ ትንሽ ናት፣ ከአንድ ሻይና ፓስቲ ዋጋ ብዙ አትበልጥም። ጸሐፊዋ ጮክ ብላ ትጠራለች፣ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ማንበብ የማትችለዋ እናት ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ በሹክሹክታ ታስነብባታለች። ያረፈደች ትቀጣለች፤ ቀልድ የለም። ከተጠራቀመው ላይ ብድር ይሰጣል። አንዷ ከሰል በጆንያ ገዝታ በሳህን እየቸረቸረች ነው። ሌላዋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ እንጀራ ለሻይ ቤቶች ታቀርባለች። እቁብ ለሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ ልዩነቱ እዚህ ዕጣ የለም፣ የቸገራት ምክንያቷን አስረድታ ትበደራለች፣ ከትንሽ ወለድ ጋር ትመልሳለች፣ ወለዱም የራሳቸው ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ የኔ ብር ምን ይሠራል? ወደ ሳጥኑ አይገባም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የሴቶቹ ብቻ ነው። የኔ ብር የሚሄደው በየሳምንቱ እየዞረች ሂሳብ አያያዝ ለምታስተምራቸው፣ ሲጣሉ ለምታስታርቃቸው አመቻች ደሞዝና ለደብተር ነው። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። «ታዲያ ደሞዝ ነው የምትከፍለው?» ይላል። አዎ! ደሞዝ ነው። የረጅም ጊዜ ሥራ ሰው ነው። የምጥ ሐኪሟ ደሞዝ ትበላለች፣ አስተማሪው ደሞዝ ይበላል። ያቺ አመቻች ባትመጣ ቡድኑ በመጀመሪያው ጠብ ይፈርስ ነበር። ቡድኑ ሲጠነክር ደግሞ እሷ ትለቃቸውና ወደ ሌላ ቡድን ትሄዳለች። ሳጥኑ ግን እዚያው ይቀራል። ፈረንጅም ባይኖር፣ እኔም ባልኖር።

የማልወደው ነገርም አለ። ውጤቱ ይዘገያል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ምንም ነገር አይታይም፣ ሪፖርቱ «ተሰበሰቡ፣ ቆጠቡ» ከማለት አያልፍም፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው ይተዋል። ሌላው ደግሞ ከባዱ። ከሰል ትቸረችር የነበረችው እናት ልጇ ታሞ ተኛ። የነበራትን መነገጃ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመድኃኒትና ለባጃጅ ጨረሰችው። የዓመት ልፋት ነው። ቡድኑ ለእንዲህ ዓይነት ቀን ለብቻ የሚያስቀምጧት ትንሽ ገንዘብ አላቸው፣ ሰጧት፣ ግን አልበቃም።

በእኔ አስተያየት የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ነው። የአጭርና የረጅም ጊዜ ዕርዳታን እንደ ሁለት ተቃራኒ ቡድን እያየን ነው የምንከራከረው። ያቺ እናት ያን ሳምንት ማንም ሳይደርስላት ብትቀር ዓመት ሙሉ የተደከመበት ነገር ከነሥሩ ይነቀል ነበር። የሰፈሩ ዕድር ደረሰላት፣ እኔም ለድንገተኛ ካስቀመጥኩት ላይ ጨመርኩ። ያኔ የሰጠነው የዕለት ዕርዳታ የረጅም ጊዜውን ሥራ ከመውደቅ ያዳነ ነው። ለዚህ ነው ሙሉ ብሬን ለአንዱ ወገን የማልሰጠው።

ለድርጅቱ ከአምስት ውስጥ አራት። ሪፖርታቸው በእንግሊዝኛ ባይሆን ኖሮ ጨምር ነበር። ድሬ ላይ ሆነው ለድሬ ሰው የሚጽፉትን ቢያንስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ማዘጋጀት አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ ግን ለትንሽ ብር በጣም ያረካኝ ሌላ ዓይነት ነው። ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፣ ውጤቱ ግን ዕድሜ ልክ ይቆያል። ሐረር ያለውን የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ውሰዱ፤ ከድሬ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፊስቱላ ምጥ ለቀናት ተራዝሞ፣ ሐኪም ዘንድ ሳትደርስ ስትቀር የሚመጣ ጉዳት ነው፣ ሽንት ይፈሳል፣ ባል ይሸሻል፣ ጎረቤት ይርቃል። ሕክምናው በነፃ ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን መሠረቱ፤ ዶክተር ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ ድረስ እዚሁ ኖሩ። ቀዶ ጥገናው የተጎዳችውን ሴት ወደ ሰው መሐል ይመልሳታል። ግን በዚያ አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ከፈቱ፣ ምክንያቱም ገጠር ጤና ጣቢያ ላይ አንዲት የሠለጠነች አዋላጅ ካለች ጉዳቱ ከነጭራሹ አይደርስም። አንዱ እጅ የደረሰውን ያክማል፣ ሌላው እንዳይደርስ ይከላከላል። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱንም የሚሠራ ድርጅት ስታገኙ አትልቀቁት።

የዓይን ሞራ ግርዶሽም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በዚሁ ነው። ቀዶ ጥገናው ከግማሽ ሰዓት በታች ያልቃል። ሰውየው በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ያያል። የሚመራው ልጅ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፃ ይወጣል፣ ትምህርት ቤት ይመለሳል። ይህ ዕርዳታ የአጭር ጊዜ ነው የረጅም ጊዜ? እኔ ስም አላወጣለትም። ብሩ ካለቀ በኋላ የሚቀር ነገር አለ ወይ ብዬ ብቻ ነው የምጠይቀው። እዚህ አለ።

በዚያው ልክ «ዘላቂ ልማት» የሚል ባነር ሰቅሎ ከሆቴል አዳራሽ ሥልጠና፣ ከውሃና ከብስኩት በቀር ምንም የማይተው አለ። ስም አይሸውዳችሁ።

ስለ ማጣራት ጥቂት። በ2011 የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ከሱ በፊት በነበረው በ2001ዱ አዋጅ ጣሪያው 30 በመቶ ነበር። ስለዚህ «ስንት በመቶው ለቢሮ ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ነገር ፍለጋ ሳይሆን መብት ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀታቸውን ማየትም እንዲሁ። ግን ቅድም እንዳልኩት የአስተማሪ፣ የነርስ፣ የአመቻች ደሞዝ ከቢሮ ወጪ ጋር አይደባለቅ። የቢሮ ወጪዬ ዜሮ ነው የሚላችሁን ደግሞ በጥርጣሬ እዩት፤ ሂሳብ የሚይዝ ሰው ሳይኖር ሂሳብ አይያዝም።

እኛ አካባቢ ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣ እንዳልሆነም ልናገር። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ዘካቸውን ከሀብታቸው 2.5 በመቶ አስበው ያወጣሉ፣ ከዚያ ሌላ ደግሞ ሰደቀቱል ጃሪያ ብለው ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ መድረሳ ያሠራሉ፣ ሰውየው ካለፈም በኋላ ውሃው እንዲቀዳ፣ ልጁ እንዲቀራ። ክርስቲያኑ በዝክር ነዳያን ያበላል፣ አሥራቱንም ያወጣል። ሁለቱም ቤት ለዛሬም ለነገም መስጠት ያውቃል። ይህንን ወደ ወር ደሞዛችን ማምጣት ብቻ ነው የቀረን።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ከ500 ብር 350ው ደሞዝ በገባ ቀን በቋሚ ትዕዛዝ ለሴቶቹ ቡድን ደጋፊ ድርጅት ይሄዳል፣ እኔ እንኳ ብረሳ ባንኩ አይረሳም። 150ው ለብቻው ይቀመጣል። ሰፈር ውስጥ ሰው ከታመመ ወይ ቤት ከተቃጠለበት ከዚያ ይወጣል፣ ካልሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተጠራቅሞ ወደ ምሳ ማዕከሉ ይገባል፣ ኃላፊዋ እንዳሉት። ለበዓል ከማወጣው ደግሞ በዓመት አንዴ ቀንሼ ለሐረሩ ማዕከል እልካለሁ። 100 ብር ብቻ ያለው ሰው አይከፋፍላት፣ ለአንድ ቦታ በየወሩ ይላካት። የሚረዳውን ሰው ፊት ካላየ ልቡ የማይረጋለት ሰው ደግሞ ሁሉንም ለምሳ ማዕከሉ ቢሰጥ አልከራከረውም፣ ከበዓል ውጭ ባሉት ወራት እስከሰጠ ድረስ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ አቅሙ ወርዷል፣ የዘይትና የሩዝ ዋጋ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት 300 ትሰጡ ከነበረና አሁንም 300 ከሆነ የምትሰጡት ቀንሷል። ደሞዝ ሲጨመርላችሁ እሷንም ጨምሩላት። ማቆም ካለባችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በእናንተ ላይ ያቀዱት ሥራ አለ።

ማዕከሉን ማየት የምትፈልጉ ከስድስት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ ማሳለፍ ላይ እጅ ያጥራቸዋል። ቢሮዎቹን ግን ጠዋት ነው መያዝ፤ በቀትር ሄዳችሁ በር ላይ ፀሐይ እንዳይመታችሁ።